ያልታመምኩት ታይፎይድ

ማክሰኞ፣ መስከረም 6። ከሰዓት

አሁንም ተኝቻለሁ። ነጠላ ጭንቅላቴ ላይ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጬ። ላብ በላብ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እማዬ ዓይንሽን ጨፍኚ ትላለች። ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ምንም አላመመኝም። ወድቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። 188 ከ600። ማለፊያው 300። በዚህ ውጤት በጥቂት ነጥብ ለወደቁት ለሚሰጠው ሬሜዲያልም የሚጠራኝ የለም። እማዬ ስልኬን ተቀብላ አየች። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች። ስልኬን መልሳልኝ ወጣች። ደጅ ላይ እትዬ ጽጌን አገኘቻቸው፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን። ስንት አመጣች ብለው ጠየቋት። ሰሞኑን ካዛንቺስ ውስጥ ሰላምታው ይኸው ነው። እማዬ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ፈተናው ሰሞን ታይፎይድ ይዟት ነበር፣ እስካሁንም አልለቀቃትም አለች።

የረሳችው ነገር አለ። እኛ ግቢ መውደቅ ይቅር ይባላል። ታሞ አለመናገር ግን ያቀያይማል። እኛ ባዕድ ነን ወይ፣ ልጅ ስትታመም እንዴት አንሰማም ተባለ። የተቀየመው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ጥየቃ መጣ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ በሽተኛ ያስፈልጋል። ተኛሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 7። ጠዋት

ብርቱካን አስጠላኝ። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ የቀረነው ጥቂት ቤት ነን፣ ጠያቂው ግን አያልቅም። ሁሉም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ይመጥልኛል። አባዬ ትናንት ከሥራ ሲመጣ ቆሞ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አንድ ብርቱካን ልጦ በላ፣ ሄደ። እማዬን አይናገርም። ሹፌር ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ዝም ብሎ መጠበቅ ለምዷል።

የተናደድኩበትን ልንገርሽ። ደምበል ጀርባ በግል ለሚፈተኑ ቲቶሪያል አለ። ሰኞ ይጀምራል። ደግሜ መፈተን እፈልጋለሁ አልኳት። ታማለች ያልኳት ልጅ ቦርሳ አንግታ ስትወጣ ሰው ምን ይላል አለችኝ። ዓመቱን ታርፊያለሽ፣ ሐኪም አዞ ነው እንላለን። ዓመቱን! ሰው ምን ይላል ተብሎ አንድ ዓመት አልጋ ላይ!

ያው ቀን። ማታ ከራት በፊት

ሒሳብ 58 አምጥቻለሁ። ባዮሎጂ 19። ለባዮሎጂ ግማሽ ዓመት መ/ር አልነበረንም። መጽሐፉ ግን ነበረ፣ እኔም አልከፈትኩትም። ሁለቱም እውነት ነው። ታዲያ ባዮሎጂን የጣለው ታይፎይድ ከሆነ፣ ሒሳቡን ማን አመጣው? እሱም ታይፎይድ ነው? ብወድቅም የወደቅኩት እኔ ነኝ። ውጤቴን ለበሽታ አልሰጥም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ባሰ። እትዬ ጽጌ ከእሑድ ጀምረው ኡራኤል ሊያስጠምቁኝ ነው። በሐኪም ብቻ አይሆንም አሉ። እማዬ እሺ አለች። እሺ! እኔ በጸበል አልቀልድም። ያልያዘኝን በሽታ አድንልኝ ብዬ እንዴት ነው የምጠመቀው? ይህንን ስላት አለቀሰች። ቢሮ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ኢንጂነሯ እንዴት ናት እያሉ ነው የሚጠይቋት። ያንን ስም ያወጣችልኝ ራሷ ናት፣ ገና ስድስተኛ ክፍል እያለሁ። አሳዘነችኝ። ግን ደግሞ ተናደድኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናል እንዴ? ይሆናል።

እሑድ፣ መስከረም 11። ረፋዱ ላይ

ተናገርኩ። በቃ።

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጀሪካን ይዘው መጡ። አብረዋቸው ሦስት ሴቶች አሉ። እማዬ ልታነሳኝ ብብቴን ያዘች። ራሴ ተነሳሁ። ነጠላውን ከጭንቅላቴ ፈታሁት።

«እትዬ፣ አልታመምኩም። ወድቄ ነው። መቶ ሰማንያ ስምንት ነው ያመጣሁት። ነገ ትምህርት እጀምራለሁ።»

እማዬ ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት አለች። እትዬ ጽጌ ግንባሬን ዳሰሱ። ትኩሳት የላትም አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ጀሪካናቸውን አንስተው ወጡ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው።

እማዬ አታናግረኝም። ግን ቀልሎኛል፣ አልዋሽሽም።

ያው ቀን። አመሻሽ

እትዬ ጽጌ ተመልሰው መጡ፣ ብቻቸውን። ሊቆጡን ነው ብዬ ነበር። ተቀምጠው አለቀሱ። ልጃቸው አቤል አምና አልፎ ክፍለ ሀገር ዩኒ. ገባ ተብሎ በግ ታርዶ በልተናል። አላለፈም። አዳማ አክስቱ ቤት ነው። ዓመት በዓል ሲደርስ ከካምፓስ እንደመጣ ተማሪ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፣ ሁለት ቀን አድሮ ይመለሳል። እዚሁ ሆኖ እንዳያጠና፣ ሰው ያየዋል።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ልጄን ከቤቱ አባረርኩት» አሉ።

እማዬ ተነስታ አቀፈቻቸው። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ከእኔ ጋር ይማር፣ አብረን እንፈተን አልኩ። እትዬ ጽጌ ስልካቸውን ፈለጉ፣ ለአቤል እኔ ደወልኩላቸው።

ሰኞ፣ መስከረም 12። ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ

ፊደሌ ተንጋደደ፣ ሚኒባሱ ይነቀንቃል። ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሳ እማዬ ጫማዋን አድርጋ ጠበቀችኝ። ቢሮ አትገቢም ስላት ቀድማኝ ወጣች። ታክሲ ተራው ጋ ሁለት የዕድር ሴቶች ቆመዋል። አንደኛዋ እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተሻላት እንዴ አለቻት። አንገቴን ደፋሁ። ዛሬም ልትዋሽ ነው ብዬ።

«አልታመመችም» አለች እማዬ። «ወድቃ ነው። ደግማ ልትፈተን ነው።»

ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፣ ረዳቱም ሰምቷል። ከዚያ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል አለችኝ። አሁን እያለቀስኩ ነው፣ ጎኔ ያለው ሰውዬ በመስኮት የሚያይ መስሎ ያየኛል። ይየኝ። አቤል ነገ ይመጣል። ዛሬ የምጀምረው በባዮሎጂ ነው፣ ከመጀመሪያው ምዕ. እና ደግሞ

ደረስኩ፣ ወራጅ አ—