ርዕስ ያልነበረው ወረቀት

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 2፡30

መብራት የለም። የዞኑን የኃይልና የአየር ንብረት ፖሊሲ ረቂቅ በላፕቶፕ ባትሪ ጭላጭ እያረምኩ ነው። ላንተ ብቻ ነው የምናገረው፣ ማስታወሻዬ፤ ሌላ ሰው ይስቅብኛል። ሦስተኛ እርማት። አንቀጽ 7 አሁን ተስተካክሏል፦ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በየቤቱ እስኪደርስ ድረስ የሻንቶ አካባቢ ሴቶች ከጥብቅ ደኑ የወደቀ ደረቅ እንጨት መልቀም ይችላሉ። ሁለት ዓመት የፈጀ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ጴጥሮስ አነበበው። ዳይሬክተራችን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ጋዜጣ ቤት ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው። ወደዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ያመጣኝም እሱ። በቀይ እስክሪብቶ አንድም ቃል አልነካም። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። አመሻሽ

ሻንቶ ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር። ሠላሳ ስምንት ሴቶች። አንቀጽ 7ን በወላይትኛ አነበብኩላቸው። የእንጨት ለቃሚዎቹ ሰብሳቢ እማማ ዶርካስ፣ ምድጃው ከልጅ ልጃቸው ሠርግ በፊት ይደርስ እንደሆነ ጠየቁ። ግቢው ሳቀ፣ እኔም።

መጨረሻ ላይ የፊርማ ወረቀቱ ዞረ። እማማ ዶርካስ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ሳያሳርፉ ይህ የምን ወረቀት ነው አሉኝ። መጥታችሁ ነበር ለማለት ብቻ ነው አልኳቸው። አተሙ።

የወረቀቱን ራስ እንደ ልማዴ ባዶ ተውኩት። ርዕስ መጨረሻ ይጻፋል፣ የጋዜጣ ልማድ። ነገ እሞላዋለሁ። ወረቀቱን ከነፋይሉ ጴጥሮስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ረቡዕ

አረካ፣ ሥልጠና። ወረቀቱን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ቀን 9፡15

ሶዶ፣ የዞን አዳራሽ። ጴጥሮስ አቀረበ። አንቀጽ 7 ላይ ሲደርስ ለመስማት እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ደኑ ከማንኛውም ሰውና እንስሳ ንክኪ ነጻ ይሆናል።» በቃ። ምድጃ የለም። ደረቅ እንጨት የለም። ከዚያ አባሪው ተዘዋወረ። የእኔ ወረቀት፣ ሠላሳ ስምንት ፊርማና አሻራ። ራሱ ላይ፦ «ክልከላውን የደገፉ ነዋሪዎች»። የጴጥሮስን የእጅ ጽሑፍ ዘጠኝ ዓመት ሳነብ ኖሬያለሁ። አልስተውም።

ይህንንም ያዝልኝ፦ እጄን አላወጣሁም።

ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ለጋሾቹ የሚፈልጉት የተዘጋ ደን ነው፣ «እስኪደርስ ድረስ» የሚል ነገር አይወዱም አለ። ምድጃው ቀስ ብሎ ይመጣል አለ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«ባዶ የተውከው አንተ ነህ እኮ፣ ወንድሜ። እኔ ርዕስ ነው የሰጠሁት።»

በመኪና ላድርስህ አለኝ። በባጃጅ ተመለስኩ።

አርብ፣ የካቲት 7

ምንም አልሠራሁም። ንዴት፣ ከዚያ ድካም፣ ደግሞ ንዴት። ከሰዓት እማማ ዶርካስ ደወሉ። ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ የደን ጠባቂዎቹ ሴቶቹን የእንጨት ሸክማቸውን አስወርደዋቸዋል፤ ራሳችሁ ፈርማችኋል ብለዋቸዋል። ስህተት ይኖር ይሆን ብለው ነው የደወሉት። ሰበብ እየፈለጉልኝ ነበር። ስህተት አይደለም አልኩ።

«ልጄ፣ እኔ ጣቴን የሰጠሁት ለወረቀቱ አይደለም፤ ለአንተ ነው።»

ጴጥሮስ ምን እንዳደረገኝ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። እሳቸው ጴጥሮስን አያውቁም። የሚያውቁት እኔን ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዞኑ አስተያየት የሚቀበለው እስከ ማክሰኞ ነው። ጋዜጣ ላይ እርማት የምናወጣው ስህተቱ በወጣበት ገጽ ነበር። ስለዚህ ከአምልኮ በኋላ ያው ግቢ፣ ያው ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ባዶ የተውኩትን ቦታ ጭምር። ለዞኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የምትፈርሙ ካላችሁ ነገ ሶዶ ኑ አልኩ። ከኋላ ያለች አንዲት ወጣት፣ አሁን ደግሞ ምን ልታስፈርመን ነው አለች። ማንም አልሳቀም።

ሰኞ፣ የካቲት 10። ጠዋት 2፡40

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሻይ ቤት። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እማማ ዶርካስ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ከሚኒባስ ወረዱ። ያቺ ወጣትም አለች።

ደብዳቤውን ከራሱ ጀምሬ ነው የጻፍኩት። ጉዳዩ፦ ሻንቶ ላይ የተሰበሰበው ፊርማ በስብሰባ የመገኘት እንጂ የስምምነት አለመሆኑን ስለማሳወቅ። ከታች ስሜ፣ ባዶውን የተውኩት እኔ መሆኔ፣ የሞላው ማን እንደሆነ። ግልባጭ፦ ለዳይሬክተራችን። ከዛሬ በኋላ ያ ቢሮ ለእኔ ወንበር አይኖረውም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁም።

እማማ ዶርካስ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለወጣቷ ሰጧት። እሷ ደግሞ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብላ፣ በወላይትኛ አነበበችላቸው። እኔን አላዩኝም። አሁን የቀለሙን ክዳን ከፍተው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እያሳረፉ ነው።