የተዘቀዘቀው ሰልፍ

አባ ነኢማ፣ ውዴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ ቀብርህን በኑር ይሙላልህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለት ረመዳን ያለ አንተ ጾምን። እንደ አገራችን ወግ በስምህ ጠርቼህ አላውቅም፤ ሞተሃል ብዬ ዛሬ አልጀምርም፤ በልጃችን ስም እንደጠራሁህ እቀጥላለሁ። ይህን የምጽፍልህ አንተው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው። ጎባጣ ቢሆንብህ አትሳቅብኝ። ስለ ሳቅ የምነግርህ ጉድ አለኝና።

በሩን ቀርቅሬ ነው የምጽፈው። ትናንት የአብዮት በዓል ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነኢማን ሊወስዱብኝ የመጡ ይመስለኛል። መጥተው እስኪያልፉ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፤ ሲያልፉ አልሐምዱሊላህ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ ሌላ ኮቴ ይመጣል። "ፈሪ ለእናቱ" እያልክ ትቀልድብኝ ነበር፤ ያው ነኝ፣ አልተለወጥኩም።

ቤቱን እንደተውከው ነው ማለት አልችልም። ክረምቱ የጓሮውን ግድግዳ ሸርሽሮት ጎረቤቶች ተረባርበው መረጉልኝ። የተከልከው ዘይቱን ዘንድሮ አፈራ። ሬዲዮህን ሸፍኜ አስቀምጫታለሁ። ነኢማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች፤ ቁመቷ አንተን ነው፤ አረማመዷም አንተን፤ ወደ ላይ ወደ ሰማይ እያየች ድንጋይ ያደናቅፋታል።

እባብህ ግን አሁንም የሳይንስ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅልሎ አለልህ። እንዳይበሰብስ ብለህ ከክርስቲያን ጎረቤታችን ቤት አረቄ ይዘህ ስትወጣ ታየህና አሰበ ተፈሪ በሙሉ "መምህሩ መጠጣት ጀመረ" ብሎ አማህ። ሽማግሌዎቹ መስጊድ በር ላይ አስቁመው ሲመክሩህ፣ አንተ ከኮትህ ውስጥ ጠርሙሱን አውጥተህ እባቡን አሳየሃቸው። ምክሩም እዚያው ላይ አበቃ። ያኔ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

ያ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ባንተ እጅ ስንቱን አየ! ለምነህ ወሰድከው፣ ጠረግከው፣ "የሳይንስ ቤት" ብለህ በኖራ ጻፍክበት። ሚኤሶ ላይ ከተሰበረ የጭነት መኪና የፈታኸው ማግኔት፣ ውሃ ውስጥ ሥር የሰደደው ባቄላ፣ ከአሮጌ መነጽር ያወጣኸው ማጉያ መስታወት። የሚነካ ነገር ብቻ ነበር የምትሰበስበው። "ነክታችሁ ካላያችሁ አላያችሁም" ትል ነበር። ከቦኬ ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ጫቱን በር ላይ አስቀምጦ ገብቶ ማግኔቱን በቢላዋው ይሞክር ነበር።

ኋላ ያንን ቀዳዳ አመጣህብኝ። በመንገዱ በኩል ያለውን የመስኮት ሳንቃ በሚስማር በሳህ፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለህ ክፍሉን አጨለምክ። ያ ረቢ! መንገዱ ሁሉ ከማዶው ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ መጣ። የጭነት መኪናው ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ሲነዳ፣ ግመሎቹ እግራቸውን ሰቅለው ሲራመዱ አየሁ፤ ጀርባህ ላይ ተለጥፌ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ስቀራ አንተ ታስረዳኛለህ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ታች ያርፋል፣ ከታች የመጣው ላይ ይወጣል። ከቀዳዳው ስትርቂ ምስሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል፤ ስትቀርቢ ደግሞ ያንሳል፣ ይጠራል። እኔ ምኑን ሰማሁህ? እንውጣ እንውጣ ነበር የምልህ።

ያቺ ቀን ከዓይኔ አትጠፋም። በዓል ነበር፤ ልጆቹ ሰልፉን ግድግዳ ላይ እንዲያዩ አስገባሃቸው። እኔም ቆሎ ይዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ባንዲራው አለፈ፣ ቀጥሎ የሴቶች ማኅበር፣ ከዚያ በሰው ትከሻ ላይ የሊቀመንበሩ፣ የአገሩ መሪ፣ ትልቅ ፎቶ መጣ። ጭንቅላቱ ቁልቁል ሆኖ በግድግዳችን ላይ ሲንሳፈፍ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳቃቸውን መንገድ ላይ የቆመው የቀበሌ ጥበቃ ደበበ ሰማ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ገባ፤ መሪው ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ሊገነጥለው እጁን ሰደደ። ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቀው፣ ፋቀው፤ በእጁ የገባው ልስን ብቻ ነው። ፎቶው ከግድግዳው ወርዶ እጁ ላይ፣ ከእጁ ደግሞ ደረቱ ላይ አረፈ። ሰውዬው ጮኸ። ብርድ ልብሱን ጎትቶ ሲጥለው ብርሃን ገባና ፎቶው ጠፋ።

ጥፋትህ ሁለት ሆነ፤ አንደኛ መሪውን ዘቅዝቆ መስቀል፣ ሁለተኛ ፎቶውን መደበቅ። ቤታችንን በረበሩት። የማሽላውን ጆንያ ዘረገፉ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ ምድጃውን ቆፈሩ፤ የሌለ ፎቶ ፍለጋ! አንተ ደግሞ፣ አይ አንተ፣ ከእውነት ሌላ መናገር አታውቅ፤ "ፎቶ የለም፣ ብርሃን ነው" ትላቸዋለህ። የደበቀ ሰው "የለም" ከማለት ሌላ ምን ይላል ብለው ባሱብህ፤ አሰሩህ። ስንቅ ይዤ ስመላለስ፣ ሰሀኑ ባዶውን ሲመለስልኝ በልቷል፣ በሕይወት አለ እያልኩ ቤት እገባ ነበር። በመጨረሻ ቀበሌውን የሚመራው ጓድ ዘሪሁን ራሱ ጨለማው ውስጥ ገብቶ አየ። ደበበን መንገድ ላይ አቆመው፤ ደበበ ግድግዳው ላይ በጭንቅላቱ ቆመ። ነገሩ የገባው አይመስለኝም፤ ግን የሚፈለግ ፎቶ አለመኖሩን አወቀ። ለቀቀህ። ቀዳዳውን ግን በገዛ እጅህ በበቆሎ ቆረቆንዳና በጭቃ አስደፈነህ። ከእስሩ ይዘኸው የመጣኸው ሳል ነው ከእኔ የነጠለህ፤ ሌላው ሌላ ነገር ቢልም እኔ እሱን ነው የማውቀው።

እንግዲህ ዘንድሮ ዘሪሁን፣ ለበዓሉ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ብሎ የሳይንስ ቤቱን ቁልፍ ለነኢማ ሰጣት። ማግኔቱንም ባቄላውንም አሳዪ፣ ቀዳዳው ግን እንደተደፈነ ይቆይ አላት። እሺ ብላ ወጣች። በበዓሉ ዋዜማ ልብሷን ሳጥብ ኪሷ ውስጥ ምን አገኘሁ መሰለህ? ቆረቆንዳውን! ገንዳው አጠገብ ዘጭ አልኩ። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ቆጣ አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁት ልጥ አልነበረም፣ ራሱን እባቡን ነው አልኳት። እሷ ረጋ ብላ፣ አባቴን ያሳሰረው ቀዳዳው ሳይሆን ሳቁ ነው አለችኝ። ልጆቹን ሳይስቁ ማየት አስተምሬያቸዋለሁ፣ አይዞሽ እማ አለችኝ። ልክ ያንተ "አይዞሽ"! እሱን ስሰማ ይብስ ፈራሁ።

ትናንት ሰልፉ ሳይጀመር ጭቃ በጣሳ አቡክቼ በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። ልደፍነው ነው። እንኳን ልጄ፣ ሬሳህ ቢነሳ አልሰማውም ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ብርድ ልብሱን ገልጬ ስገባ ልጆቹ በጨለማው ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም በሁለት እጁ አፉን ይዟል። አንድም ድምፅ የለም። አባ ነኢማ፣ የልጅ ዝምታ እንዲህ ያስፈራል አላልኩም ነበር። ከውጭ ከበሮው እየቀረበ ነው፤ ባንዲራው ግድግዳው ላይ ደርሷል።

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። በግራ እጄ ጭቃውን ዛቅ አድርጌ ቀኝ እጄን ቀዳዳውን ልዳብስ ሰደድኩ። ግድግዳው ላይ የነበረው ምስል ጠፋ፤ ነኢማ "እማ!" አለች በሹክሹክታ። መዳፌን አየሁ። ሰልፉ መዳፌ ላይ ነበር። ባንዲራው የክብሪት እንጨት አክሎ፣ የሴቶች ማኅበር እንደ ጉንዳን ተደርድሮ። ቀጥሎ ያ ፎቶ መጣ። ፍራሼን ያስቀደደው፣ ባሌን ያሳሰረው፣ ስሙ ሲነሳ ድምፄን የሚያስቀንሰኝ፤ በአውራ ጣቴ ሥር፣ የጥፍሬን ያህል ሆኖ፣ ተዘቅዝቆ። ስትቀርቢ ያንሳል ያልከኝ ለካ ይህን ነው! ጣቶቼን ባጥፍ ጭብጤ ውስጥ ይገባል። አባ ነኢማ፣ ሳቅሁ። እኔ! ልጆቹ አፋቸውን ይዘው፣ እኔ አሮጊቷ ፈሪ እንደ ልጅ ተንከተከትኩ። ልይዘው ብል አልቻልኩም፤ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት።

በሩ ተንኳኳ። ድምፁን አወቅሁት፤ ደበበ ነው። ነኢማ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ተጭኜ አስቀመጥኳትና እኔ በሩን ከፈትኩለት። እጄ እስከ አንጓዬ ጭቃ ነው። ማነው የሳቀው አለኝ። እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አልሳቀም፣ የምትወስድ ከሆነ እኔን ውሰድ አልኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ግን ወጣ። ደበበ አርጅቷል፤ ጠመንጃው ከብዶታል። ጭቃዬን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ ከዚያ የራሱን ጥፍሮች አየ። ሳቃችሁ እስከ መንገዱ ይሰማል አለኝ። በሩን ከውጭ ሳበና ዘጋብን።

ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሊያድነን ነው፤ ምናልባት ሊናገር ሄዷል። እስካሁን ማንም አልመጣም። ነኢማ ጓሮ ዘይቱኑን ታጠጣለች፤ እኔ በየደቂቃው በመስኮት አያታለሁ። ጭቃው በጣሳው ውስጥ ደርቋል፤ ቀዳዳው ግን እንደተከፈተ ነው። ፈራሁ እንጂ አልደፈንኩትም፤ ይህን እንድታውቅልኝ ነው የጻፍኩልህ።

እስከ ዛሬ የማስታውስህ በዚያች ባዶ ሰሀን ነበር። ከእንግዲህ በዚህች መዳፌ ነው የማስታውስህ፤ ቃሌ ነው። መሽቷል፤ አሁንም ኮቴ ይሰማኛል፤ ወደኛ በር ይመስላል። መብራቱን አላጠፋሁም፣ አልተደበቅኩም። ቀኝ እጄን ዘርግቼ መዳፌን እያየሁ ነው፤ ያ ፎቶ ጥፍሬን ነበር የሚያህለው።

ያንተው
የነኢማ እናት