ከትራስሽ በላይ ያለው መስኮት

ግንቦት መጨረሻ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከጀልባ ቤታችን ላይ

ለልጆቼ እናት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንሽን ወደ እናንተ የሚመላለሰው የአውቶቡሱ ሹፌር ነግሮኛል። እህትሽ አዲስ አልጋ እንደገዛችልሽም የነገረኝ እሱው ነው። ለእንግዳ ፍራሽ ይነጠፍለታል እንጂ አልጋ አይገዛለትም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሥራዬ ቁጭ ብድግ ሆኗል። አሁንም የማስጽፈው ቆሜ ነው። የምትጽፍልኝ የወደቡ ባለሱቅ ናት። "ኧረ አባባ ይቀመጡ! ጀልባዋን እያወዛወዟት ፊደሉ ሁሉ ተንጋደደብኝ" ትለኛለች። ተንጋዶም ይነበባል።

አንቺም የምታነቢላት እህቷ፣ እንደምን አለሽ? ያልጣመሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። አውቅሻለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የጀልባዋን መስኮቶች ነቀልኳቸው። አንቺ "ትራሴ ሲደርቅ እመጣለሁ" ብለሽ ነበር ሻንጣሽን ያነሳሽው። እኔ ደግሞ የሚያረጥበው የራስሽ ትንፋሽ ነው ብዬሻለሁ። አሁንም ከፊሉ ትንፋሽ ነው እላለሁ። የሆነ ሆኖ ያረጀ ነገር መታደሱ ስለማይቀር ክረምቱ ሳይገባ ልጨርሰው ብዬ ተነሳሁ። ለማንም ብዬ አይደለም።

የጀመርኩት ካንቺ ትራስ በላይ ካለው ነው። ቪቲዎቹ ዝገው ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ካቻቢቴ ሳስገባባቸው አናታቸው እየተበላ ያሾፉብኛል። በመጨረሻ ዙሪያውን በመሮ ፈልፍዬ ፍሬሙን አነሳሁት። ከሥሩ ያለው እንጨት ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ሆኖ ጣቴ ዘልቆ ገባ። የቆየ ቡናማ ውሃም ተንዠቀዠቀና ክንዴ ላይ ወረደ። የጠራሁት አናጢ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከሰው አፍ አይወጣም" አለኝ።

"አንተ እንጨትህን ቁረጥ" አልኩት።

ቆረጠ። የበሰበሰውን አውጥቶ ደረቅ እንጨት ተካበት። ሥራው ጥሩ ነው፣ ምላሱ ነው እንጂ የማይረባ። መስታወቶቹም ዓይኑ ሞራ እንደለበሰ ሰው ደፍርሰው ስለነበር አዲስ አስቆረጥኩ። አሁን ከውስጥ ተኝተሽ የሸራ ምሰሶውን ጫፍ ማየት ትችያለሽ። ማለቴ ማንም የተኛ ሰው ያያል።

ከዚያ ማጣበቂያውን ዙሪያውን በብዛት ቀብቼ፣ መስኮቱን ገጥሜ፣ ቪቲዎቹን በክንዴ ሙሉ ጉልበት አጠበቅኳቸው። ማጣበቂያው በአራቱም በኩል ፊጭ እያለ ወጣ። ጠርጌ አሳመርኩት፤ ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ አየልኝ። ሳይውል ሳያድር ካፊያ ጣለ። ወርጄ ትራስሽን ብዳብሰው ርሷል። ከድሮው ብሶ ርሷል!

ጎረቤታችን ቀጭኑ፣ ያ ጀልባውን ሰማያዊ የቀባው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ውሃውን የሚያግደው ማጣበቂያው እኮ ነው። አንተ ጨምቀህ አወጣኸው። እየው፣ የወረቀት ውፍረት የሚያህል እንኳ አላስቀረህለትም። መጀመሪያ ለስለስ አድርገህ ያዘው፤ ወፈር ብሎ ይቀመጥ። ሲደርቅ ነው የምታጠብቀው።"

"እኔ አጥብቄ ያሰርኩት ነገር ተፈቶ አያውቅም" አልኩት።

"ለዚያ ነዋ ሸራህን ብቻህን የምትጎትተው!" አለኝ።

ባለሱቋ "ይሄን ልጻፈው ወይ?" ትላለች። ጻፊው። ሰውዬው ያለውን ነው።

እንደገና ነቀልኩት። የበፊቱን ማጣበቂያ በጥፍሬም በስለትም ፍቄ አነሳሁ። ያን ያህል ስድብ የት ተምሬ እንደነበር እኔም ገረመኝ። እንደገና ገጠምኩት፤ ቪቲዎቹን በሁለት ጣት ብቻ፣ እንደ ሕፃን ልብስ ቁልፍ። ሥራውስ ቀላል ነው። የገደለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አትንካው፣ ይድረቅ፣ ጠብቅ ይሉኛል። እጄን የት ላድርገው? አንዴ ደርቆ ይሆን ብዬ ጫን ባደርገው የጣቴ ምልክት ቀረበት። ከዚያ ወዲያ ከጀልባዋ ወርጄ በወደቡ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ስመላለስ መዋል ሥራዬ ሆነ። ዘበኛው "አባባ፣ ሳንቃውን ጨረሱት እኮ" እያለ ያላግጥብኛል። ፊደል ባልቆጥርም ሰማይ ማንበብ አላቃተኝም፤ ደመናው በየቀኑ እየከበደ ነው። እኔ ሰማዩን አያለሁ፣ የአውቶቡሱን መንገድ አያለሁ፣ ተመልሼ መስኮቱን አያለሁ።

አሁን ደርቋል፤ ቪቲዎቹንም አጠብቄያለሁ። ሌሎቹንም መስኮቶች በዚሁ መንገድ ገጥሜ ጨርሻለሁ። የቀረው መፈተን ነው። እኔ ከላይ ባልዲ ውሃ ስደፋ ባለሱቋ ከታች ሆና "ደረቅ ነው!" እያለች ትጮህልኛለች። ሁሉም አለፉ። ያንቺ ብቻ ቀረ።

"ይሄንንም ላይልዎት" ብላ ፍራሽሽ ላይ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሳች።

"ውረጂ!" አልኳት።

"ምነው አባባ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። እዚያ ቦታ የት የት እንደሚያንጠባጥብ የሚያውቅ፣ ተኝቶበት የኖረ ሰው ነው።"

እውነቴን ነው። ጠብታው አንዴ ጆሮሽ ሥር፣ አንዴ አንገትሽ ላይ ነበር። እኔ ከወዲያ በኩል ተኝቼ ምን አውቃለሁ? ደረቅ ነው ብል ደግሞ አታምኚኝም። ስለዚህ አልፈተንኩትም። ዝናቡ ቀድሞ እንዳይፈትነው አሮጌውን ሸራ ደርቤ ከላይ ሸፍኜዋለሁ፣ ዳር ዳሩንም በገመድ አስሬዋለሁ። ውሃውን የምደፋ እኔ ነኝ። ከታች የሚያይ ሰው ጎድሏል።

ነይ አላልኩሽም። አዲሱ አልጋ ተመችቶሽ ከሆነ ተኚበት፤ እኔ ሴት ለምኜ አላውቅም። ብቻ ሹፌሩ ሐሙስ ከዚያ ሲመለስ ከጎኑ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው ብሏል። ይህን የጠየቀችው ባለሱቋ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

(የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ። — ጸሐፊዋ)

ምን ጨመርሽ? ምንም አልጨመርኩም ትላለች። እሺ፣ ዝጊው።

ደረትሽን ብርድ አይንካው። ሳልሽን እግዜር ያስታግስልሽ። እህትሽንም እስከዚህ ሳትዘል ካነበበች ዓይኗን ያብራላት።

ባልሽ ነኝ። በጣቴ ፈርሜያለሁ፤ ያ ጥቁሩ ነገር ቀለም እንዳይመስልሽ፣ ማጣበቂያው ነው። አልለቅ ብሎኛል።