ለአንድ ጊዜ ብቻ የተባለው የምግብ ሣጥን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ሰላምና ደረቅ ካልሲ እመኛለሁ። እናቴ ምድር ቤት ባለው የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ቁጭ ማለት አቅቶኝ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደድኩ የጻፍኩትን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

1ኛ. የቤት ሳህን ጀርም ያመጣል ብለው ከልክለው፣ በር ላይ የሚሸጠው ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥን ብቻ እንዲገባ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ክዳኑ ላይ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ይላል። ጠንካራ ሆኖ ስላገኘሁት በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጌ በማግስቱ ሾርባ ይዤበት መጣሁ። የበሩ ጥበቃ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እትዬ፣ ይሄ የትናንቱ ነው» አለኝ። «ምን ሆነ ታዲያ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ምንም አልሆነም፤ መመሪያው ግን አንዴ ነው የሚለው» ብሎ ሾርባውን ከነሣጥኑ በርሜል ውስጥ ከተተው። እናቴ ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች።

2ኛ. በርሜሉ ሲሞላ ሣጥኖቹ ከመስኮታችን ጀርባ፣ ቦዩ ዳር እንዲከመሩ ስለፈቀዱም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሐሙስ ዝናቡ ሲወርድ ሣጥኖቹ ቦዩን ወተፉት፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ በበራችን ገባ። እናቴ ሆዷ ገና መሰፋቱ ስለነበር መነሣት አትችልም። «ልጄ፣ ገመዱን!» ብላ ጮኸች፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ገመድ ለካ ወለሉ ላይ ኖሯል። ነርሷ ሮጣ መብራቱን ከቆጣሪው ባታጠፋው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

3ኛ. ባልዲ ስላልነበረን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ቢሮዎ ፊት ያሉትን አበቦች ለማጠጣት ተወስዶ ነበርና። የጽዳት ሠራተኛዋ ሣጥኖቹን ከቦዩ እየለቀመች ለአስታማሚዎች አደለችን፤ እስኪመሽ የክፍሉን ውሃ እየቀዳን ወደ ውጭ ደፋንባቸው። አንድም አልተሰነጠቀም። ጥበቃውም ሱሪውን ሰብስቦ አብሮን ይቀዳ ነበር። «እንዳትናገሪብኝ» ስላለኝ፣ እንዳልነገርኩዎ ይቁጠሩልኝ።

እንግዲህ ቦዩ እንዲጠረግ፣ ሣጥን የምናጥብበት አንድ ቧንቧም እንዲፈቀድልን በትሕትና እለምናለሁ። ደመናው እንደገና ጠቁሯል፤ እኔም መስኮቱና በሩ መሃል መመላለሴን አላቆምኩም።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እጅግ እያፈርኩ፣ ወገቤ እንደፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የታማሚዋ ልጅ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ አሁን በራችን ላይ በማኅተምዎ የወጣ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ወደ ክፍል ውሃ የሚያስገቡ አስታማሚዎች ይቀጣሉ» ይላል። ለእናቴ ሳነብላት፣ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቷን ይዛ ሳቀች። ሐኪሞቹ ያልቻሉትን ስላደረጉልን ውለታዎን አንረሳም።