አባዬ ዘይት ያጠጣው ፍሬን

ወንድሜ ጋሻዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህን ተሻለህ? እዚያ ተራራ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ ደራርበህ ትተኛለህ ወይስ እንደ ልማድህ «እኔን ብርድ አይደፍረኝም» እያልክ ነው? እኛ ደህና ነን። ደህና ማለት፣ እስካሁን ሁላችንም በእግራችን ቆመናል። ያለህበት ቦታ ስልክ ቢሰራ ይህን በአፌ እነግርህ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ዕቃ ለሚያመላልስላችሁ ሹፌር እሰጠዋለሁ።

ነገሩ የሞተርሳይክልህ ነው። አባዬ «የፊተኛው ፍሬን ሲጢጥ እያለ አዋረደኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ መምጣቴን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል» ብሎ ተነሳ። መካኒክ ጋ ውሰደው ስለው «ዕድሜ ልኬን መኪና ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ» አለኝ። የስፌት መኪና መሆኑን ማን ይንገረው! ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አነጠፈ፤ ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚነክሰውን ካሊፐር ፈታ፤ በእኔ ሳፋ፣ በእኔ የጥርስ ብሩሽ ፈትጎ ፈትጎ እንደ ሙሽራ ቀለበት አብለጨለጨው። እውነቱን ልናገር፣ አጠባውስ አያስነቅፍም። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ልብስ ሰፊ አይደል፣ የሚንጫጫ ብረት ሁሉ ዘይት የጠማው ይመስለዋል፤ ያቺን ባለረጅም አፍንጫ ዕቃ አምጥቶ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬኑን ሸራ በስፌት መኪና ዘይት አራሰው።

ሲጢጥታው ጠፋ፤ ፍሬኑም አብሮ ጠፋ። የኋላው ጎማ ፍሬን እንደሆነ ድሮም ለወጉ ነው ያለው። ለሙከራ ብሎ ሲነዳ የባለሱቋን በር ገጭቶ ቆመ። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ፤ «ጋሼ፣ እንኳን ደህና ገቡ፤ ሌላ ጊዜ በመስኮት ይሞክሩ» ብላ ሰፈሩን አሳቀችበት። መካኒኩ መጥቶ አየና፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ በአዲስ ይቀየር አለ። ይህን ብሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ «አባባ፣ የሸሚዝ ቁልፍም ይትከሉለት እንጂ» ብሎ ጨመረበት። በቃ፣ አባዬ ሸራው አይቀየርም ብሎ ማለ። በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣውና «ድኗል» አለ።

ዛሬ እማዬ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት። ሆስፒታሉ ከዚያ ቁልቁለት ሥር መሆኑን ታውቃለህ። አባዬ በሞተሩ ካልወሰድኳት አለ፤ ታክሲ ልጥራ ብል ፊቱን አጠቆረብኝ። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፤ የእኔ ቃል ለእሱ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው። የሞተሩን ቁልፍ ደበቅሁ፤ ማን አውጥቶ ቢሰጠው ጥሩ ነው? እማዬ! ምነው እማዬ ስላት «ተይው ልጄ፣ ሰው ሁሉ ስቆበታል። እኔም ከኋላው አልወጣም ካልኩ ማን ይቀረዋል?» አለችኝ። አንተ ብትኖር አንድ ቃልህ ይበቃው ነበር። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ግን የሆነው ሆኗል።

ልጆቼ «አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ ይስሙሃል። ባለቤቴ ጀርባህን ከብርድ ጠብቅ ብሎሃል፤ እሱም አባዬን ደፍሮ አልተናገረም። አባዬ «ፍሬኑን በእጄ አድኜዋለሁ በይው» ይልሃል። እማዬ ሰላም በይልኝ ያለችኝ ኮርቻው ላይ ከወጣች በኋላ ነው፤ በሁለት እጇ ወገቡን ጥብቅ አድርጋ ስለያዘች እጇን እንኳ አላወዛወዘችልኝም። ይኸው ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ይሰማኛል፤ ከዚያ ወዲያ አይሰማም።

የምትወድህ እህትህ
ከቤታችን ደጃፍ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 17