ከተማ ስለጠፋበት አጥቂ

ለክቡር አቶ ሽብሩ፣
የጠቅላይ ግዛቱ የእግር ኳስ ምርጦች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
ነቀምቴ።

ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም እኔን ሰባት ጊዜ "ነገ ተመለስ" ሲል የደከመው ጉሮሮዎ፣ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ግን ለብቻው ያስባል።

ግንቦት አሥር ቀን አዲስ አበባ ለሚሄደው የጠቅላይ ግዛቱ ቡድን እያንዳንዱ ከተማ ሁለት ሁለት "የራሱን ሰው" እንዲያቀርብ መወሰንዎን በታላቅ አክብሮት አነበብኩ። እኔ በዘጠኝ ዓመት ለአራት ከተሞች ተሰልፌ ሠላሳ አንድ ግብ አግብቻለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነው፤ ጉልበቴም ለከርሞ ቃል አልገባልኝም። የዘንድሮው ካመለጠኝ ሌላ የለም። ስለዚህ የማን ሰው እንደሆንኩ ብቻ ይነገረኝ ዘንድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ነቀምቴ "አንተ የጊምቢ ሰው ነህ" አለኝ። ጊምቢ ሄድኩ። የቡድኑ መሪ ኦቦ ጆቴ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና "ሞረዳ ወንድሜ፣ አንተማ ጥለኸን ሻምቡ የገባህ ሰው ነህ" አሉኝ። ሻምቡ "ያ በጭነት መኪና የመጣው" ከማለት በቀር ስሜንም አያስታውስም። አርጆ ገና እያሰበ ነው።

2ኛ. ግብ ሳገባ ግን የሁሉም ነበርኩ። ጊምቢ ላይ ሁለት ያገባሁ ዕለት አዴ ዘርፈሽ የሚባሉ ጠጅ ሻጭ "የኛ ልጅ!" ብለው ነጠላቸውን አለበሱኝ። በሳምንቱ ፍጹም ቅጣት ምት ስስት እኒያው ሴት "ድሮስ የነቀምቴ ሰው!" ብለው ነጠላቸውን አስመለሱኝ።

3ኛ. የትውልድ ቦታዬን ጠየቁኝ። እናቴ ከአርጆ ወደ ነቀምቴ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ወለደችኝ። ደንብዎን አስቀድማ ባለማንበቧ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንዳንድ ቀን ማሊያዎቼን አልጋ ላይ ዘርግቼ አያቸዋለሁ። አራት ቀለም። በየትኛው ውስጥ እኔ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ይህ ግን ለኮሚቴ የሚቀርብ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሰባተኛው "ነገ ተመለስ" በኋላ፣ የተሳፈርኩበት መኪና ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ተበላሸ። ሰዎች የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አይቼ ገባሁ። ስንጨርስ ባለወፍጮው ኦቦ ደረሳ ላባቸውን እየጠረጉ "የየት ሰው ነህ?" አሉኝ። "እስካሁን የትም" አልኩ። "እንግዲያው እኛ ጋ ቅር፤ አጥቂ የለንም" አሉ። ከተማ ሁሉ "መጥተህ ተጫወት" ብሎኛል፤ "ቅር" ያለኝ አልነበረም።

ቀረሁ።

የደንብዎ አንቀጽ አራት፣ አሥራ አንድ ተጫዋች ያለው ከተማ ቡድኑን አስመዝግቦ ሰው ማቅረብ ይችላል ይላል። እንዲህ ያለ ቸር አንቀጽ ስለጻፉ እናመሰግናለን። የአሥራ አንዳችን ስምና የጣት አሻራ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ኡኬ የምታቀርበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሁለተኛውን ቦታ ለኮሚቴው የሥጋ ዘመዶች በስጦታ ትታለች።

ለወንበርዎ፣ ለማኅተምዎና ለተዘጋው በርዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽኩ እጅ እነሣለሁ።

ሞረዳ ፉፋ
የኡኬ ሰው

ማስታወሻ፦ ኡኬ የት ናት ብለው እንዳይቸገሩ። ባለፈው ሐምሌ ላንድሮቨርዎ ጭቃ ውስጥ ስትቀር ገፍተው ያወጧት፣ ከእኔ በቀር፣ እነዚሁ አሥሩ ናቸው። የዚያን ዕለት ስማቸውን ሳይጠይቁ ስለሄዱ፣ አሁን በንጹሕ ጽሕፈት ልከንልዎታል።