የአባዬ ዓይንና የእኔ ቃል

ሰኞ

ዛሬም አባዬ ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ። ለጥቂት ቀን የመጡት የዓይን ሐኪሞች እዚህ ጭሮ የሚቆዩት እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሞራ የጋረደውን ዓይናቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአገራቸው ከበደሳ ያመጣኋቸው ለዚሁ ነበር። "እናትሽ ሆስፒታል በእግሯ ገብታ በሰው ትከሻ ወጣች" አሉኝ።

ወንድሜ ታደሰ ከገለምሶ ደወለ። ጠበል ነው በያቸውና ውሰጃቸው አለኝ፤ ለክፋት አይደለም አለ። እውነቱን ነው፣ ለክፋት አይደለም። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውም በሐሰት አትመስክር የሚለውም ከአንድ አምላክ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን እኔ ላይ ተጣሉብኝ።

ማክሰኞ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ መጣሁ። ይነሱ እንውጣ አልኳቸው፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገርኩም። ነጠላቸውን በወጉ አጣፍተው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። መንገድ ላይ "ወደ ጠበሉ ነው አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። ለካ ታደሰ ቀድሞ ደውሎላቸዋል! አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የሆስፒታሉ በር እየታየኝ ነው።

"አይደለም አባዬ። ሐኪም ቤት ነው።"

ከዚያ ባለባጃጁን አዙር አሉት። አዞረ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ታደሰ ሞኝ ብሎኛል። እግዚአብሔርንም ትንሽ አኩርፌዋለሁ። እውነት ተናግሬ ምን አተረፍኩ?

ረቡዕ

ጾም ነው። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም፣ እኔንም አላናገሩኝም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሞሚና ልትጠይቃቸው መጣች። አምና እሷም ዓይኗን ተሠርታለች። እንደ አገሩ ሰው አባዬን "አንተ" ነው የምትላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጡ ነበር፤ ከእሷ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። መርፌው እንዳመማት፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም እንዳልተሰማት፣ የልጅ ልጇን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በማግስቱ እንደሆነ ነገረቻቸው።

እሷ ስትሄድ ጠሩኝ።

"ትናንት አዎ ብትይኝ ገብቼልሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላልሽም?"

"እርስዎ አያዩም አባዬ። የምነግርዎትን ነው የሚያምኑት።"

ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አብዛኛው ሰው ያያል፤ ላይሳካም ይችላል። ፈራሁ፣ ግን የኋለኛውንም አልተውኩትም። "እንግዲያው ነገ ውሰጂኝ" አሉ።

በደስታ ሽሮው አረረብኝ። ያረረውን በላን።

ሐሙስ

የግራ ዓይናቸውን ተሠሩ። ከመግባታቸው በፊት አባታችን ሆይን ደገሙ። ሞሚና ሥራዋን ትታ አብራኝ መጥታ ነበር። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ እጸልያለሁ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ወደዚያ እንዞራለን።

ዓይናቸው ታሽጎ ወጡ። በእግራቸው!

ዓርብ

ፋሻው ተነሣ። ነርሷ ጣቷን ዘርግታ ስንት ነው ብትላቸው ጣቷን ትተው እኔን ያያሉ። ጎንበስ ብዬ አጠገባቸው ሆንኩ። ፊቴን ዳበሱት፣ እንደገና አዩኝ።

"ሸብተሻል እኮ" አሉ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ መሳቄን ይሁን ማልቀሴን አላውቅም። ለታደሰ ስደውልለት ስልኩን ለእሳቸው ስጪልኝ አለ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እንዳያጎነብሱ ስለተከለከሉ መስገድ አልቻሉም፤ በዚህ አኩርፈዋል። ግን ቀና ብለው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሰው ቆሞ እየጠበቃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው በዝግታ አለፉ። በመመለሻችን የማያውቁትን ሁሉ ሰላም አሉ። አንዱን ሰውዬ አስቁመው ኮትህ ያምራል አሉት።

ምሳ ላይ አዲስ ነገር አመጡ። የሆስፒታሉ ቀጠሯቸው ሲያልቅ ወደ በደሳ ይመለሳሉ፤ ቡናው ሲቀላ ማየት አለባቸው። እኔ ደግሞ አብረውኝ ቢኖሩ ነው ምኞቴ። አባትን ማክበር ማስቀረት ይሁን መሸኘት ገና አልለየልኝም።

አሁን አባዬ ሞሚና ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ዶሮዎቿን በቀለማቸው እየለዩላት ነው። አንዷን ቀይ ናት ይላሉ፣ እሷ ቡናማ ናት ትላለች። ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ልሂድና ልዳኛቸው።